ጫፏ የተሰበሰበች ብዕር

ኃይለሚካኤል የሞተው አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 6 በሚገኘው ቤቱ፣ ግንባሩን ጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነው። ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ከሙቀት የሚሸሸግበት ሰዓት ነበር። ሰውየው አስም ነበረበት፤ ያን ዕለት ደግሞ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን በየመስኮቱ ይነዛ ነበር። ከጠረጴዛው የማይለየው የአስም ስፕሬይ ግን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ይህን ሲያዩ ፖሊሶቹ ብዙ አልተጨነቁም። የቤት ሠራተኛዋን ስርጉትን ካቴና አስገቡላትና ኮሪደሩ ላይ አስቀመጧት። ሠራተኛ ካለች ሌላ ሰው መፈለግ ድካም ነው።

ኢንስፔክተር ማይሙና የደረሰችው ሬሳው ሳይነሣ ነበር። ድሬዳዋ ያደገች ጅቡቲያዊት ናት፤ አማርኛዋ ጥርት ያለ፣ ትዕግሥቷ አጭር። ጎንበስ ብላ ከሟቹ ግንባር ሥር ያለውን ወረቀት አየች። ለወንድሙ የጀመረው ተራ የሰላምታ ደብዳቤ ነው፤ በቡናማ ቀለም ተጽፎ መጨረሻው ቃል መሐል ላይ ተቋርጧል። ከዚያ መስመሩ ተንሸራቶ ከወረቀቱ ጫፍ ወጥቷል።

ከእጁ አጠገብ አንዲት ጥቁር የቀለም ብዕር ተኝታለች። ክዳን የላትም፤ ጭራዋን ጠቅ ሲያደርጓት ጫፏ ብቅ ይላል፣ ደግመው ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። አሁን ተሰብስቧል።

«ይቺን ማን ነካት?»

«ማንም አልነካም፣ ኢንስፔክተር» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

ማይሙና ወረቀቱንና ብዕሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ስርጉት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ከንፈሯ ያበጠው ዛሬ አይደለም።

«ማነው የመታሽ?»

«ጋሼ ናቸው። ባለፈው ጠረጴዛ ስወለውል ብዕሯን አንሥቼ ነበር። ‹ሁለተኛ እንዳትነኪያት› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛውን እንኳ ዙሪያውን ብቻ ነው የምወለውለው።»

«ዛሬ ማን መጣ?»

«የአርብ እንግዶቻቸው። ጠዋት መጥተው ለጁምዓ ሲጠራ ተበተኑ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሾፌሩ ልደቱ የታሸገ ዕቃ ከአዲስ አበባ አመጣ። ጋሼ ሲከፍቱት የብዕር ቀለም ነው። ጥቁሩን አጥበው አዲሱን ሞሉ፤ ‹ለማንም እንዳትነግሪ፣ በሚመጣው አርብ ጉድ ነው የማደርጋቸው› አሉኝ። እኔ ሰገነት ላይ ወጥቼ ተኛሁ። በሩን አልቆለፍኩትም፣ ማዳም። ይሰቅሉኛል?»

«ገና ነው» አለች ማይሙና። ማጽናናት አታውቅበትም።

የአርብ እንግዶቹ ሦስት ናቸው። ሰው በኳስ እንደሚያብደው እነዚህ በብዕር ያብዳሉ፤ በየሳምንቱ ተሰብስበው የኃይለሚካኤልን ብዕር ከእጅ እጅ እያዞሩ ይሞክሯታል፣ ያወድሷታል። ማይሙና ሦስቱንም ለየብቻ ጠራቻቸው።

በአዲስ አበባ መንገድ የሚመላለሱትን ከባድ መኪኖች የሚያሰማራው ዘሩ፣ ስለ ሟቹ ሲጠየቅ ስለ ብዕሯ መለሰ። «አንዴ አውሶኝ ጋቢና ውስጥ በአንድ እጅ መሪ ይዤ በሌላው ጠቅ አድርጌ ፈርሜባታለሁ። ክዳን ፍለጋ የለ፣ ምን የለ። ጥቁር ቀለሟ ወረቀት ላይ ሲያበራ ብታዪው! ገዳዩን እንደሆነ ይዛችኋል፤ ያቺ ልጅ ትጠላው ነበር።»

ካርቲየ 1 ሱቅ ያላት ዙለይካ ጋቢውን እንደሚተረትር ሰው ቃላቷን እየመዘዘች ተናገረች። «እኔን የኪስ መያዣዋ ጣቴን ይወጋኛል። እንደ ሌላው ብዕር ከላይ ሳይሆን ከጫፏ በኩል ነው ያለው፤ ኪስ ውስጥ አፏ ወደ ላይ እንዲሆን። ሲለምዱት ግን ሌላ ብዕር አያስይዝም። ደግሞ ብዕሯ የኃይለሚካኤል አልነበረችም። የሦስተኛው ጓደኛችን የጸሐዬ ናት። ‹እስቲ ልሞክራት› ብሎ ወስዶ አስቀራት። ጸሐዬን ሥራ ያስገባው እሱ ስለሆነ ማን ይናገራል? በየአርቡ ለሁላችን ያቀብልና ጸሐዬ ጋ ሲደርስ ‹ያንተ እጅ ከባድ ነው፣ ትሰብራታለህ› ብሎ ያልፈዋል።»

«እናንተስ?»

«እንስቅ ነበር» አለች ዙለይካ፤ አሁንም ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች።

የትራንዚት ጸሐፊው ጸሐዬ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሰው ፊት የማይቀመጥ ዓይነት ነው። «ከጁምዓ በፊት እንደወጣሁ ቤቴ ገባሁ፤ ባልባላ። ነፍሱን ይማር። አንድ ነገር ልለምንዎት፣ ኢንስፔክተር። ብዕሯን አንድ ሰው ያጥባት። ጫፏ በጣም ቀጭን ነው፤ ያ ቡናማ ቀለም ከደረቀባት ይደፍናታል።»

«ይታጠባል» አለች ማይሙና።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የአየር ማቀዝቀዣውን አጠፋች። ስርጉት በካቴና እንዳለች በር አጠገብ ቆመች። ማይሙና ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጭራዋን ተጫነች። ጫፏ ብቅ አለ።

«ሟቹ አንድ ቃል ሳይጨርስ ነው አስም ያነቀው። መስመሩ ከወረቀት ወጥቷል። ትንፋሽ ያጣ ሰው አየር ነው የሚፈልገው፤ የብዕሩን ጫፍ አይሰበስብም። እኔ ሳገኛት ግን ተሰብስባ ነበር። ስለዚህ እሱ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ጠቅ አድርጓታል።»

«ልጅቷ ናታ» አለ ዘሩ።

«ልጅቷ ብዕሯን በመንካቷ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ደግሞ ብትደርቅ ምን ገዷት? በዚህ ሙቀት የተከፈተ ብዕር እንደሚደርቅ ልቡ የሚጨነቅ ከእናንተ አንዱ ነው። ሰው ሲታነቅ እያየ ዝም ያለ እጅ፣ ብዕር ሊደርቅ ሲል አላስቻለውም።»

ዓይኖቻቸው ሁሉ የተከፈተችው ብዕር ላይ ነበሩ።

«ትናንት ብዕሯንም ወረቀቱንም ለማንም አላሳየሁም። ዘሩ ስለ ጥቁር ቀለሟ ነገረኝ። ዙለይካ ቀለም አላነሣችም። አንድ ሰው ግን ቡናማው እንዳይደፍናት ለመነኝ። ቡናማው እዚህ ቤት የገባው ሁላችሁም ከሄዳችሁ በኋላ ነው፤ ታሽጎ። አቶ ጸሐዬ፣ ተመልሰው መጥተዋል።»

ጸሐዬ ለመካድ እንኳ አልሞከረም። «መነጽሬን ረስቼ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ስገባ ወንበሩ ላይ እያቃሰተ፣ እጁን ወደ ስፕሬዩ ይዘረጋል። አልደረሰበትም። ‹አቀብለኝ› አለኝ በዓይኑ። ‹የእኔ እጅ ከባድ ነው› አልኩት። ስፕሬዩን ወጥ ቤት ወስጄ አስቀመጥኩና ተመልሼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እስኪያልቅ።»

ዙለይካ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ብዕሯን ለምን ይዘው አልሄዱም?» አለች ማይሙና።

«ሌባ አይደለሁም» አለ ጸሐዬ፤ ቅር ብሎት።

«ስርጉትስ? በእርስዎ ፈንታ ታስራ እያዩ?»

ጸሐዬ ወደ በሩ ዞሮ ልጅቷን አያት፤ ክፍሉ ውስጥ መኖሯን ገና ያወቀ ይመስላል። «ስለ እሷስ አላሰብኩም» አለ።

ማይሙና ካቴናውን ከስርጉት እጅ አስፈትታ ለእሱ አስገባችለት። ሊያስወጡት ሲሉ እግሩ ከጠረጴዛው አልላቀቅ አለ። ብዕሯ እንደተከፈተች ነች፤ ቀለሙ ጫፏ ላይ ደብዝዟል።

«ኢንስፔክተር፣ ጫፏን ይሰብስቡልኝ።»

ማይሙና ወረቀቶቿን መሰብሰብ ቀጠለች።

«ስርጉት፣ እኅቴ» አለ ጸሐዬ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። «አንዴ ብቻ ተጫኚልኝ። እየደረቀች ነው።»

ስርጉት ካቴናው የላጠውን የእጇን አንጓ እያሻሸች ብዕሯን ተመለከተቻት።

«እንዳልነካት ታዝዣለሁ» አለች።