ለጭንቅላቱ ያልተሰጠው መቶኛ

ሃምሳ አለቃ ኢያቄም ቦርድ በሚቀርብበት ቀን ጠዋት ከአልጋው ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ምላሱን ነክሷል። ሰው ሰራሽ እግሩ ደግሞ ከቤቱ ጠፍታለች። ሰው ይሞታል፣ እሺ። እግር ብቻዋን የት ትሄዳለች?

ካዛንቺስ የነበረው የእሱና የሚስቱ የአምሳለ ቤት ፈርሶ ቂርቆስ ጀርባ ከተከራዩ ብዙም አልቆዩ፤ ግቢው ግን ጉዳቸውን ጠንቅቆ ያውቃል። በተለይ እትዬ ወለተማርያም። ለእሷ ጆሮ ግድግዳ ምን ያደርጋል።

«ሚስትየዋ ናት» አለችው ለፖሊሱ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ። «ማታ ሲጨቃጨቁ ነበር። ‹ነገ እንዳታዋርጂኝ› ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መርዝ ነው ልጄ፣ ምላሱን አታየውም?»

ፖሊሱ አምሳለን ሊወስዳት ተነሳ። ባል ገዳይ ከተባለች እስሩ ብቻ አይደለም፤ የሟች ጡረታውም ቀረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ኢንስፔክተር ራቢያ ደረሰች። አጭር ናት፣ ቀስ ትላለች፣ ሰው ሲያወራት አፉን ትታ እጁን ነው የምታየው።

«ቆይማ» አለችው። «መጀመሪያ የጠፋችውን እግር እንፈልግ።»

አምሳለ መሬት መሬት እያየች፣ «ከሰል ጆንያ ውስጥ ናት» አለች። «እኔ ነኝ የደበቅኋት። ታዲዎስ ነው የመከረኝ።»

ታዲዎስ ሜክሲኮ ጋ ተቀምጦ የወታደር ጉዳይ አስፈጽማለሁ የሚል ደላላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጦር ሜዳ የተጎዳ ሰው ቦርድ የሚባሉ ሐኪሞች ፊት ይቀርባል፣ ስንት በመቶ እንደጎደለ ይነግሩታል፣ ጡረታው በዚያ ልክ ይቆረጥለታል። ኢያቄም ለእግሩ ሠላሳ ሰጥተውታል። ጭንቅላቱ ውስጥ ለቀረችው ፍንጣሪ ግን ምንም። የሚጥል በሽታ ያመጣችበት እሷ ናት። ኪኒኑን ስለሚውጥ አይወድቅም፤ ስለማይወድቅ በሽታ የለብህም አሉት። ይግባኝ ብሎ ዳግም ሊቀርብ ነበር።

ታዲዎስ ተጠርቶ መጣ፣ ከነከረባቱ።

«እኔ፣ ማለቴ፣ ምክር ነው የምሰጠው በቃ። እግሯን አስገብቶ ቀጥ ብሎ ከሄደ ደህና ነው ይሉታል። በዱላ እየተንገዳገደ ይግባ አልኩ።»

«ኪኒኑንስ አቁም ብለኸዋል?»

«ብዬው ነበር። ሰደበኝ። ‹ሐኪም ፊት አረፋ ደፍቄ አልለምንም› አለ። ቢቂላም ነበረ፣ ጠይቂው።»

አስር አለቃ ቢቂላ የሟች የጦር ሜዳ ጓደኛ ነው። አንድ እጁ የለም። ሲመሽ ሲመሽ መጥቶ ከኢያቄም ጋር ዳማ ይጫወት ነበር። አሁን ለለቅሶ ዳቦ ይዞ መጥቶ በር ላይ ተቀምጧል፤ የፌስታሉን አፍ በአንዱ እጁና በጥርሱ እየቋጠረ።

«የእርስዎ ስንት በመቶ ነው፣ ጋሼ?» አለችው ራቢያ።

«ስልሳ። እጅ ይታያላ።»

«የእሳቸውስ ጭንቅላት?»

«እኔን ተሸክሞ ሲወጣ ነው የተመታው። ቦርዱ ፊት መሰከርኩለት። ‹ምስክር አይደለም፣ በሽታውን አሳየን› አሉኝ።»

ራቢያ ወደ ውስጥ ገባች። ከራስጌው የኪኒን ጣሳ አነሳች፣ አንዷን ምላሷ ጫፍ ላይ አስነካች። ፊቷን አጨፈገገች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ የወታደር ካፖርት ኪስ ኪሱን ዳበሰች።

ሆስፒታሉ ሬሳውን መርምሮ መርዝ የለም ካለ በኋላ፣ ራቢያ ሁሉንም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወለተማርያም ሳትጠራ ፊት ወንበር ያዘች።

«እናቴንም ይሄ በሽታ ይጥላት ነበር» አለች ራቢያ። «ኪኒኗን አውቀዋለሁ፣ እሬት ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ግን ይኮመጥጣል። የልጆች ቫይታሚን ነው። እሳቸው በውሃ ስለሚያወራርዱት አላወቁትም። እውነተኛው ኪኒን ድንገት ሲቀር በሽታው ብሶ ይመጣል። ሌሊት መጣባቸው።»

«አላልኩም? ለወጠችበት» አለች ወለተማርያም።

«እትዬ፣ ሊገድል የለወጠ ሰው ኪኒኑን ሽንት ቤት ይጥለዋል። ይሄንን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ አገኘሁት።» ኪኒን የተቋጠረበት ትንሽ ፌስታል አወጣች። «ለምን አስቀመጠው? ከቦርድ መልስ ሊመልስላቸው ነው። የለወጠው የሚወዳቸው ሰው ነው።»

ሁሉም አምሳለን አያት።

«አምሳለ እንደሚወድቁ ብታውቅ ኖሮ ሰው ሰራሽ እግራቸውን ደብቃ ምን ልትሆን ማታ ትጨቃጨቃለች? ታዲዎስ ደግሞ የሰው ኪኒን ሊመልስ አያስቀምጥም፣ ይሸጠዋል።»

ታዲዎስ ከረባቱን አስተካከለ።

«ቋጠሮውን እዩት። ጫፉ ተነክሷል፣ የጥርስ ምልክት አለበት። ሁለት እጅ ያለው ሰው በጥርሱ አይቋጥርም።»

ቢቂላ አንገቱን ደፋ። የዳቦው ፌስታል እግሩ ስር ነበር።

«አንዴ ሐኪም ፊት እንዲወድቅ ነበር» አለ። «ሐኪም ባለበት ሰው አይሞትም ብዬ። እሱ አልለምንም አለ፤ እኔ ልለምንለት አልኩ። እኔ በእሱ ትከሻ ወጥቼ ስልሳ ስበላ…»

«ስንት ልታደርሰው ነበር?» አለችው አምሳለ።

«ሰማንያ።»

«መቶ አስገባኸው።»

ወለተማርያም ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

ራቢያ ከኪሷ ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ለአምሳለ ሰጠቻት። ውስጡ ሽምብራ የምታክል ጥቁር ብረት አለች። «ሐኪሞቹ ጭንቅላታቸውን ሲከፍቱ ያገኟት ፍንጣሪ ናት። የገደላቸው የጦር ሜዳ ቁስል መሆኑን እጽፋለሁ። ጡረታውን ማንም አይከለክልሽም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከፍቶ ቢቂላ ፊት ቆመ። ቢቂላ ያለችውን አንድ እጁን ዘረጋለት። ፖሊሱ ሌላውን ቀለበት የት እንደሚያስር ግራ ገባው፤ አንዴ እጁን፣ አንዴ ራቢያን ያያል።

አምሳለ ተነሳች። ብልቃጧን ቢቂላ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«እያት» አለችው። «አሁን ትታያለች።»