ጫፉ በእጄ የነበረው ገመድ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፣ ድሬዳዋ ሳለሁ አማቴ «በቀትር ሙቅ ውሃ ከመድፋትሽ በፊት ቢስሚላሂ በይ፣ የማይታዩ የሚቃጠሉ አሉ» እያለች ስታስፈራራኝ፣ እሺ እላትና ዞር ስትል ቸለስ አደርገው ነበር፣ ማንም ተቃጥሎ ሲጮህ አልሰማሁም። ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ነው፣ ያስቆጠረችኝም የልጅ ልጄ ሃያት ናት፣ ስለዚህ አጻጻፌ ቢንገዳገድ ታገሱኝ፣ ነገሩ ግን ወላሂ እውነት ነው።

የምንኖረው ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሦስት የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፣ ላይ ቤት እኔና ሃያት ነን፣ ምድር ቤቱ ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሽንኩርት ያከማችበት የነበረ ክፍል ነው፣ ቁልፉ ዛሬም ከወገቤ አይለይም። ሃያት ትንንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች ላይ ትሠራለች፣ አንዷ ከመዳፌ አትበልጥም፣ ግን ራሷን የቻለች ኮምፒውተር ናት አሉ። ያን ሰሞን ዶራሌ መንገድ ላይ የከባድ መኪና ማቆሚያ ያላቸው ሙሴ ኢድሪስ የሚባሉ ሰው፣ የግቢያቸውን ካሜራዎች በእነዚህ ቦርዶች እንድታገናኝላቸው ጠይቀዋት ነበር፣ ከሠመረ ቋሚ ሥራ ይሆናታል፣ ካልሠመረ ደግሞ ሻርጃ ያለው ልጄ፣ አጎቷ ማለት ነው፣ «ነይና ሱቄ ቁጭ በይ» እያለ ቲኬት ሊልክላት ነው፣ እሷም «ይሄ ካልሆነልኝ እሄዳለሁ» ብላ ቆርጣለች። እኔ ባሕር አልሻገርም፣ ባለቤቴን የቀበርኩት እዚህ ነው። ሃያት ከሄደች እንግዲህ የማወራው ከግድግዳ ጋር ሊሆን ነው፣ ይህን ስል ያኔ እንደ ቀልድ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቦርዷ ሺህ በሚባለው ፍጥነት ትሮጣለች ተብላ ተገዝታ መቶ ላይ ቆመች። ገመዱ የሚሰካባት ቦታ ላይ ትንሽ መብራት አለች፣ ሺህ ሲሆን አረንጓዴ፣ መቶ ሲሆን ብርቱካን፣ መቶ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ካሜራ አይበቃም። ሃያት ቦርዱን በሌላ ቀየረች፣ ፕሮግራሙን አጥፍታ ጫነች፣ የገመዱን ሁለት ጫፎች ቆርጣ አዲስ ራስ አሰረችላቸው፣ ያው ብርቱካን። ያልነካችው መሐሉን ብቻ ነው፣ ገመዱ ከጠረጴዛዋ ተነስቶ በግድግዳው ሆድ ውስጥ ወደ ምድር ቤት ይወርድና ስዊች የምትለው ሳጥን ላይ ይሰካል፣ እኔ ደግሞ ግድግዳውን ለኢድ አረፋ ኖራ አስቀብቼው ስለነበር፣ «ኢድ ሳያልፍ መዶሻ አታሳርፊበትም» ብያታለሁ።

«እነዚህ ዕቃዎች ሲገናኙ መጀመሪያ ይጠያየቃሉ፣ እማማ» አለችኝ፣ «ስንት ትሮጣለህ ይባባሉና ሁለቱም በሚችሉት ይስማማሉ።»

«እኔና አንቺ ገበያ ስንሄድ ማለት ነዋ።»

«አዎ፣ በአንቺ እግር!» ብላ ሳቀችብኝ።

ሙሴ ኢድሪስ ሊመጡ በተባለበት ቀን ዙሁር ሰግደን ጨረስን፣ የጫቱ ግርግር አለፈ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ በዚያ ሰዓት የእኛ ሰፈር እንዴት ጭር እንደሚል የኖረበት ያውቀዋል፣ ድመት እንኳ አያልፍም። እኔ የቀን እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ካንዱ ክፍል ወዳንዱ እዞራለሁ። እንዲህ ስዞር ኤሌክትሪክ ሄደ፣ ማራገቢያው እየተነፈሰ ቆመ። ሃያት ቦርዱን በፓወር ባንክ ስለምታሠራው እሱ አልጠፋም፣ ታች ያለው ሳጥን ግን ሞቷል፣ ስለዚህ የቦርዱ መብራት ጠፋች፣ መጥፋትም አለባት።

ከዚያ በራች።

አበራሯ እንደ ወትሮው አይደለም፣ ብልጭ ትልና ትቆያለች፣ የሰው ዓይን ሲከደን ሲገለጥ ያህል። ሃያት ስክሪኗን አየችና፣ «አሥር ይላል» አለች።

«አሥር ደግሞ ምንድነው?»

«የድሮ ፍጥነት ነው፣ ዛሬ የሚጠቀምበት የለም፣ ወዲያ ጫፍ ያለው ነገር ከዚህ በላይ አልችልም ሲል ነው…» አቋረጠችው። «ታች እኮ መብራት የለም። እማማ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው፣ ውረጂና ንቀይልኝ፣ እኔ እዚህ ሆኜ አያለሁ።»

ወረድኩ፣ ከፈትኩ፣ ሳጥኑ ጨለማ ነው፣ አንድም መብራት የለበት። ሰማያዊውን ገመድ ነቀልኩት።

«ነቀልኩ!»

«አልነቀልሽም፣ እየበራ ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ጫፉን ይዤዋለሁ እኮ!»

«ሌላ ገመድ ይሆናላ የያዝሽው!»

«ሌላ ገመድ የት አለና! ዓይኔ ደከመ እንጂ መች ታወረ!»

«እማማ በአላህ፣ ቀልዱን ተይው፣ ሰውዬው ሊመጡ ነው!»

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ነው እጄ ላይ ያለው ነገር የተሰማኝ፣ በዚያ ግድግዳው ሁሉ በሚፋጅበት ሙቀት ገመዱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ከዚያ ሳብ አደረገኝ። በኃይል አይደለም፣ ሕፃን ቀሚስ ይዞ «ነይ» ሲል እንደሚጎትተው ነው። ለቀቅኩት፣ እመኑኝ፣ ግድግዳው ውስጥ ሽርርር እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ላይ ሲገባ ሰማሁ።

እንዴት ደረጃውን እንደወጣሁ አላውቅም። ሃያት ከጠረጴዛዋ ርቃ ቆማለች፣ ቦርዷ ጠረጴዛው ላይ እየተንፏቀቀች ሄዳ ግድግዳው ሥር ተለጥፋለች፣ ብልጭ፣ ደግሞ ብልጭ። «ማነው?» አለችኝ፣ እኔን። ከዚያ ዘላ ገመዱን አንድ ክንድ ያህል ወደ ራሷ ስባ ከቦርዱ ነቀለችው፣ መብራቷም ጠፋች።

ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ተያይዘን ወረድን። የለቀቅኩት ጫፍ መሬት ላይ የለም፣ ግድግዳው ላይ ባዶ ቀዳዳ ብቻ አለ፣ ሃያት ጣቷን ልትሰድ ስትል እጇን መታሁት።

ልጄ ግን ልጅ ናት፣ ቦርዷን አምጥታ በአጭር ገመድ ከሳጥኑ ጋር በቀጥታ ሰካቻት፣ ወዲያው አረንጓዴ፣ ሺህ! «ጥፋቱ የግድግዳው ገመድ ነበር፣ እማማ፣ ውስጡ ስምንት ክር አለ፣ አንዳንዱ ተበጥሷል፣ መቶ በአራቱ ይሄዳል፣ ሺህ ግን ስምንቱንም ይፈልጋል።» ሙሴ ኢድሪስ መጡ፣ አዩ፣ «እኔ እኮ የአያትሽን ሳምቡሳ ልበላ ነው የመጣሁት» ብለው ቀለዱና ሥራውን ሰጧት። ቲኬቱ ቀረ፣ አልሐምዱሊላህ።

«የተበጠሰው ይበጠስ» አልኳት፣ «ለቦርዷ ማን ነው የመለሰላት ታዲያ?»

«ሙቀት ነው፣ ዕቃም በሙቀት ይቃዣል» አለችኝ፣ ይህን ያለችኝ ልጅ ግን የዚያን ቀን ፍራሿን ጎትታ እኔ አጠገብ ተኛች።

ጠረጴዛዋንም ወደ ወዲያኛው ክፍል ወሰደች። ኢድ አለፈ፣ መዶሻ ያነሳ የለም። ላይ ቤት፣ ጠረጴዛዋ በነበረበት በኩል፣ ሃያት የሳበችው አንድ ክንድ ያህል ሰማያዊ ገመድ ከግድግዳው ወጥቶ ቀርቷል፣ እኔም ሃያት ዶራሌ በሄደችበት ጫፉን ቋጠርኩት፣ ከቀዳዳው የሚበልጥ ደህና ቋጠሮ፣ ለማንኛውም ብዬ ነው እንጂ ፈርቼ አይደለም። ገመዱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየገባ ቋጠሮው ዛሬ ግድግዳውን ነክቷል።

ለሃያት አልነገርኳትም፣ ብነግራት እዚህ ቤት አታድርም፣ ሻርጃ ደግሞ ሩቅ ነው። ቁም ሳጥን አስጠግቼ ከልዬዋለሁ፣ ሙቅ ውሃም አሁን ድምፄን ከፍ አድርጌ ቢስሚላሂ ሳልል አልደፋም። ዛሬ በቀትር ግን አላስችለኝ ብሎ በቁም ሳጥኑ ጀርባ እጄን ሰደድኩና ቋጠሮውን ቀስ ብዬ ሳብኩት።

ቀስ ብሎ ሳበኝ፣ ልክ በእኔ ፍጥነት።