ነፋሱን ማን ዘጋው?

ወለላ መዳፏን የነፋስ መውጫው ላይ አስጠግታ ጠበቀች። ምንም የለም። ጣቶቿን ዘርግታ ደግማ ጠበቀች። የታመመ ሰው ትንፋሽ የመሰለች ነገር ብቅ ብላ ጠፋች። ፒካፑ ውስጥ የሚያዝያ ሙቀት ሰው ይቀቅላል። ቬንትሌተሩ ግን ከዳሽቦርዱ ሥር «እርርር» እያለ ነው። ድምፁ አለ፣ ነፋሱ የለም። ታዲያ የት ገባ?

«አባባ፣ ዛሬማ ጭራሽ ብሶበታል» አለች።

አባቷ አቶ አምባቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «ዳኘው ነው። ነካክቶ ነካክቶ ገደለው» አሉ።

ግራና ቀኙ ዘንባባ የቆመበትን መንገድ ይዘው ወደ ትምህርት ቤቷ እየሄዱ ነበር። ጠብ! ቀዝቃዛ ውኃ የሸራ ጫማዋ ላይ አረፈ። ቀና ብላ አየች። ከዳሽቦርዱ ሥር ሌላ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ጣጣ ነው?

ፒካፑ የአባቷ አይደለም፣ ሹፌር ሆነው የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ንብረት ነው። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ለዓመታት ሲነዱት ኖረው፣ አገራቸው ሲገቡ ትተውት ሄዱ። አርጅቷል። በሩ ሲዘጋ ሁለመናው ይንቀጠቀጣል። ግን ኤር ኮንዲሽን አለው! በባሕር ዳር ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ቢያዝንማ ያንን ቀዝቃዛ ነፋስ ከሹመታቸው ለይተው አያዩትም ነበር።

ከፋሲካ በፊት ነፋሱ ትንሽ ደክሞ መካኒኩ ጋሽ ዳኘው ጠግነውት ነበር። ጥገናው እዚሁ የእነ ወለላ ግቢ ውስጥ ነው የተካሄደው። ጋሽ ዳኘው ከፊት መስታወቱ ሥር ካለው ወንፊት እፍኝ እፍኝ የደረቀ የጃካራንዳ አበባ አወጡ። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ሳጥን ነቅለው፣ ከበስተጀርባው የተፈረፈረውን ስፖንጅ ጣሉና ነፋሱ በጎን እንዳያመልጥ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጠው ተኩበት። አቶ አምባቸው አጠገባቸው ቆመው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። በመጨረሻ ቁልፉ ሲዞር ነፋሱ የወለላን ነጠላ ከትከሻዋ ገፎ ጣለው። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ዳኘው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «አየህ አምባቸው፣ መንገዱን ካገኘ ነፋስማ ሞልቷል» አሉ።

ከዚያ አባቷ ጓድ ቢያዝንን ይዘው በጎንደር መንገድ ይፋግ ደርሰው ተመለሱ። ነፋሱ የጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰው ዝም አይልም። ጋሽ ዳኘው ደህናውን ቬንትሌተር ፈትተው ውዳቂ ገጥመውበታል ተባለ። ወለላም ዓይኗን ከፍታለች። የዕቃ ሳጥኑን የያዙት ብሎኖች ጥገናው ሲያልቅ ግራሶ ተቀብተው ነበር። አሁን ግን ግራሶው ተጠርጎ፣ አናታቸው ተፍቆ ያብለጨልጫል። አንድ ሰው ተደብቆ ከፍቶታል። ካቻቢቴ ይዞ የሚዞር ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል።

«ነገ ቅዳሜ ግምገማ አለ። ያኔ ይለይለታል» አሉ አባቷ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያወርዷት። ድምፃቸው ግን እንደሚፎክር ሰው አልነበረም።

አደይ የጋሽ ዳኘው ልጅ ናት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ከወለላ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ዛሬ ግን ቦርሳዋን መሃላቸው አቁማ ጠበቀቻት።

«አባቴን ሊገመግሟቸው ነው። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አሻጥር ሠርተዋል እየተባለ ነው። የኢኮኖሚ አሻጥር! ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል?»

ወለላ ይገባታል። በደርግ ጊዜ ያንን ቃል የማያውቅ ልጅ የለም። ስሙ በዚያ ቃል የተነሣ ሰው ከሥራው ይባረራል፣ ሲብስም ይታሰራል። አምና አንድ የመጋዘን ሠራተኛ በዚሁ ቃል ተወስደው እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

«ካልሠሩት ምን ያስፈራቸዋል?» አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች።

የአደይ ዓይን ቀላ። «ፋራ አትሁኚ እሺ? አባቴ እኮ ሰው ሁሉ ባለበት ልክፈተውና ተመልከቱት ብለው ለምነዋል። እምቢ ያሉት ያንቺ አባት ናቸው። ዳኘው ሁለተኛ እጁን እንዳያሳርፍበት ብለዋል። ለምን? እስቲ ንገሪኝ፣ ለምን?»

«ደግሞ እንዳያበላሹት ነዋ!»

«አቦ ተይኝ! ውኃ እግራችሁ ላይ ይንጠባጠባል አይደል?»

ወለላ እግሯን ከዴስኩ ሥር ሰበሰበች።

«አየሽ? አባቴ መኪናውን ሳያዩ ነው የነገሩኝ። ያ ነፋሱ የሚበርድበት ቀዝቃዛው ክፍል ሲሠራ ያልበዋል። ላቡ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። የሆነ ነገር ገብቶ ቱቦውንም ነፋሱንም ዘግቶታል ነው የሚሉት።»

አስተማሪው ገቡና ሁለቱም አፋቸውን ዘጉ። ወለላ ግን ከትምህርቱ አንድም ነገር አልሰማችም። ሳያዩ እንዴት አወቁ? የሆነ ነገር መግባቱን የሚያውቅማ ያስገባው ሰው ነው! ነቅቼብዎታለሁ ጋሽ ዳኘው፣ አለች በሆዷ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ ማንም አልነበረም። እናቷ ፋብሪካ ተረኛ ናቸው፣ አባቷ ለቅሶ ሄደዋል። ፒካፑ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሟል። ወለላ ከአባቷ የመሣሪያ ሳጥን ካቻቢቴ አነሣችና ገባች። ብሎኖቹ ምንም ሳያስቸግሩ ዞሩላት። የዕቃ ሳጥኑን ስትነቅለው ጨለማ ቀዳዳ ታየ፣ የሻገተ ነገር ሽታም ፊቷን መታት። አፍንጫዋን በአንድ እጇ ይዛ ሌላውን እስከ ክርኗ ሰደደች። የሆነ ነገር አለ። እርጥብ ነው፣ አብጧል፣ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። እግሯን በሩ ላይ አስደግፋ ጎተተች። ደግማ ጎተተች። በመጨረሻ ወጣና ከነውኃው ጭኗ ላይ ወደቀ።

ጫፉ በገመድ የታሰረ ከረጢት ነው፣ ስትፈታው ውስጡ ቡና ሆኖ ተገኘ። ያልተቆላ፣ የዘጌ ቡና። ውኃ ጠጥቶ አብጦ፣ ግማሹ ነጭ ሻጋታ ለብሷል።

«ያዝሁዎት!» ብላ ጮኸች። ብቻዋን መሆኗ አናደዳት፣ የምታሳየው ሰው አልነበረማ! ቡና በፈቃድ ካልሆነ ከቦታ ቦታ አይጓዝም። ከዘጌ በታንኳ የመጣ ቡና ጎንደር መንገድ ኬላ ላይ ከተያዘ ይወረሳል፣ ባለቤቱም ይታሰራል። ጋሽ ዳኘው በአባቷ መኪና ኮንትሮባንድ ሊያሻግሩ ኖሯል! ቢያዝ ማን ሊታሰር? ሹፌሩ!

ወዲያው ግን የአደይ ነገር መጣባት። ቀዝቃዛው ክፍል ያልበዋል። ጋሽ ዳኘው ይህን ያውቃሉ። ታዲያ የሚያውቅ ሰው ቡናውን ውኃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ይከታል? ይህንን የከተተው ሰው ሳጥኑ እንዴት እንደሚከፈትና ከጀርባው ባዶ ቦታ መኖሩን አይቷል። እንደሚያልበው ግን አያውቅም። በጥገናው ቀን ከጋሽ ዳኘው አጠገብ አንገቱን አስግጎ ያየ ማን ነበር?

ከረጢቱን አገላብጣ አየችው። ከረጢትም አይደለም። ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ የካኪ ሱሪ እግር ነው። ጉልበቱ ላይ መጣፊያ አለ። ካኪ ክር አጥታ በአረንጓዴ ክር የጣፈችው ራሷ ናት። የአባቷ ሱሪ ነው።

አባቷን ጠላቻቸው። እንዲህ አድርጋ ጠልታቸው አታውቅም። ጋሽ ዳኘው ላይ የጮኹት፣ አይነካብኝ ያሉት፣ ሁሉም ለዚህ ነው ለካ! ደግሞ ፖሊስ መጥቶ ሲወስዳቸው ታያትና ሆዷ ባባ። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ሳጥኑን መልሳ ገጠመች። የሱሪውን እግር ከነቡናው ዘንቢል ውስጥ ከትታ ወደ ሐይቁ ወረደች።

ጣና ዳር፣ ደንገሉ ሳሳ ያለበት ቦታ ቆመች። ሩቅ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን እየቀዘፈ ነው፣ አላያትም። ከወረወረችው አለቀ። ዛሬ ማታ ሁሉም እራቱን በልቶ ይተኛል። ነገስ? ነገ ነፋሱ ይወጣል፣ ሰዉም ዳኘው ፈርቶ ደህናውን ቬንትሌተር በድብቅ መለሰው ይላል። ጭራሽ ይብስባቸዋል! ዘንቢሉን ይዛ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ወዲያና ወዲህ አለች። አባቷን የሚያሳስራቸው ቡናው ነው። ጋሽ ዳኘውን የሚያድናቸው ደግሞ ሱሪው ነው። አፉን ከፍታ ቡናውን ውኃው ላይ አራገፈችው። ሱሪውን ጨምቃ ይዛው ተመለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ሲወጡ ወለላ ቀድማ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ትምህርት የለ፣ ወዴት ነሽ?»

አባቷ ቁልፉን አዞሩ። ነፋሱ ፏ ብሎ ወጣ። የዳሽቦርዱን አቧራ አስነሥቶ ሸሚዛቸውን ነፋው። አቶ አምባቸው እጃቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። ቀስ ብለው ዞር ሲሉ የሱሪው እግር ልጃቸው ጭን ላይ ተዘርግቷል።

«ቡናውስ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ዓሣ በላው።»

አባቷ ሞተሩን አጠፉ። «ለአክስትሽ ለየሺመቤት ነበር። ይፋግ ቡና በዓይን ጠፍቷል። ካልጠጣች ደግሞ ራሷን ያማታል፣ በሻሽ ጠፍራ ነው የምትውለው። ቤቷ ደጃፍ አቁሜ ላወርድላት ስል ጓድ ቢያዝን ሙቀት ነው ብለው ከመኪናው አልወርድ አሉ። ምን ላድርግ? ይዤው ተመለስሁ። ከዚያ ላወጣው ብል አብጦ እምቢ አለኝ፣ እጄም አልገባልሽ አለ።»

«ጋሽ ዳኘውስ ምን አደረጉ?»

«ጓድ ቢያዝን ማነው ያበላሸው ብለው ሲጮኹብኝ ስሙ ከአፌ አመለጠ። አንዴ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል?»

«እርስዎ ነዎታ!» አለች። «ግምገማው ላይ፣ መኪናውን ስወለውል የረሳሁት ጨርቅ ነው ይበሏቸው። የእኔ ጨርቅ ነው፣ ነፋሱ ስቦ አስገባው፣ ዳኘው የለበትም ይበሉ። ጨርቅ ረሳ ተብሎ የታሰረ ሰው የለም።»

«ይስቁብኛል። መኪናውንም ይነጥቁኛል፣ ወለላ።»

«ሊነጥቁዎት ይችላሉ» አለች። ለማጽናናት አልሞከረችም።

«ለዳኘውስ? ለእሱም ጨርቅ ነው ልበል?»

«ለእሳቸውማ እውነቱን።»

አባቷ ግንባራቸውን አሹ። ላብ ላብ ብሏቸዋል። «በይ አንቺ ውረጂ። እኔ አስብበታለሁ» አሉ።

ወለላ ይህችን ቃል ታውቃታለች። አባቷ አስብበታለሁ ያሉት ነገር ሆኖ አያውቅም። በሩን ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው። «በእነ አደይ ቤት በኩል እንሂድ» አለች።

ጋሽ ዳኘው በር ላይ ሲደርሱ አባቷ መኪናውን አቆሙ፣ ግን አልወረዱም። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ ጭነው ፊት ለፊት ያያሉ። ወለላ ወርዳ የቆርቆሮውን በር አንኳኳች።

የከፈተችው አደይ ናት። ከኋላዋ ጋሽ ዳኘው በረንዳው ላይ ተቀምጠው የስብሰባ ጫማቸውን ይቦርሻሉ።

«ደግሞ ምን ልትሰልይ መጣሽ?» አለች አደይ።

ወለላ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር በሙሉ ጠፋባት። አንድ ጊዜ ወደ ፒካፑ ዞረች። አባቷ አሁንም እንደተቀመጡ ናቸው፣ ጭንቅላታቸውንም እየነቀነቁ ነው፤ ተይ፣ ቆዪ እንደማለት። ሱሪውን መልሳ ዘንቢል ውስጥ ብትከተው ማንም አላየም።

እጇን ዘርግታ የሱሪውን እግር ለአደይ ሰጠቻት።

«ነፋሱን የዘጋው ይኸ ነው» አለች። «አባትሽ አልነካውም። እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር። የቀረውን አባቴ ይነግሯቸዋል።»

አደይ ጨርቁን አየችው፣ ከዚያ ወለላን አየቻት። ጋሽ ዳኘውም ብሩሹን አስቀምጠው ተነሡ። ወለላ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ከኋላዋ የፒካፑ በር እስኪከፈት ድረስ ዞራ አላየችም።