ቅቤ የጠጣው ኮርቻ

ሁለት ሰው በቅቤ ተጣላ ብል ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን ይኸው ነው። ትርሲትና ይርሳው የተኳረፉት በቅቤ ነው፤ ያውም እናቱ በገዛ እጃቸው በናጡት ለጋ ቅቤ።

ትርሲት እንጅባራ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም የዕቃ ክፍል ትሠራለች። ሥራዋ አሮጌ ነገር ማስታመም ነው፦ የተሰነጠቀ ገበታ፣ ብል የበላው በርኖስ፣ ዶቃው የረገፈ የፈረስ ጌጥ። አንዱን ዕቃ በለስላሳ ብሩሽ ከአቧራው ስታላቅቅ ቀኑ ይመሽባታል። ከዚያ የዕቃውን መዝገብ ካርድ ታወጣለች፤ የምትናደደውም ያን ጊዜ ነው። ከእሷ በፊት የተሞላው ካርድ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። የሠራው ሰው ያልታወቀ፣ የተገለገለበት ያልታወቀ፣ የሰጠው ያልታወቀ።

«ታዲያ ከሰማይ ዘነበ በሉና!» ትላለች ለብቻዋ።

ይርሳው የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ወሩ ጥቅምት ይባል እንጂ እንጅባራ ዝናቧን አልተወችም ነበር። ከዳንግላ በሚኒባስ መጥቶ፣ ጋቢው ረጥቦ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ የአባቴን ኮርቻ ለማየት ነበር» አላት። «አባቴ ባረፈ በወሩ እናቴ ናት ያመጣችላችሁ። እኔ አልነበርኩም።»

ካርዱን ፈልጋ አወጣች። ዓይኑን ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አነበበው፦ «ኮርቻ። ከዳንግላ አካባቢ። የሠራው ያልታወቀ።»

ይርሳው ዝም አለ። 

«ተሻገር ባምላክ ይባላል» አለ በመጨረሻ። «ዳንግላ ገበያ ገብተሽ ኮርቻ ሠሪው ተሻገር ብትይ ሕፃን ያሳይሽ ነበር።»

ትርሲት ራሷ የጻፈችው ይመስል አፈረች። ወንበር ሳበችለትና እስክሪብቶዋን አነሳች። «ና ተቀመጥ። አንተ ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ይርሳው ይመጣል። እሱም የአባቱን ሙያ የወረሰ ኮርቻ ሠሪ ነውና እሷ የማታውቀውን ያያል። ስፌቱን ሁለት ሰው የሰፋው መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ሳቀ። «አባቴ ግራኝ ነበር። እጁ ሲደክመው ነው ወደ ቀኝ የሚያዞረው።» የጨርቅ ጓንት ሰጠችው፤ ለዚያ ሰፊ እጁ አልገባ አለ። እሷ ልትረዳው ጣቱን ስትይዝ ሁለቱም ወደ ኮርቻው አቀረቀሩ።

«ለአንድ ካርድ ይህ ሁሉ ጥያቄ ያስፈልጋል?» አላት አንድ ቀን።

«አያስፈልግም» አለች ትርሲት። ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው ፊቷ የቀላው።

ጥር ሃያ ሁለት ቀን ትርሲት ለስብሰባ ተጠራች። ዕቃ ያለበት ክፍል ውስጥ እንግዳ ብቻውን አይተውም፤ ሕጉ ነው። ግን ይርሳው እንግዳ ነው እንዴ? «ወዲያው እመለሳለሁ» ብላው ወጣች።

ስትመለስ በሩን ሳትከፍት ነው የሸተታት። ኮርቻው ከዳር እስከ ዳር ቅቤ ጠጥቶ ያብለጨልጫል። ይርሳው እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፊቱ እንደ ልጅ ፈክቶ ተቀምጧል።

«ነገ የፈረሰኞች በዓል አይደል? በዚህች ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ የምቀባው እኔ ነበርኩ። እናቴን አስናጥኳት። እይው፣ ነፍስ ዘራ!»

«ምን አደረግክ!» ጮኸች ትርሲት። «አበላሸኸው እኮ! ይሻግታል፣ አይጥ ይጠራል! ሦስት ወር ሙሉ የደከምኩበትን!»

«አባቴ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲቀባ አልተበላሸም።»

«ያኔ ኮርቻ ነበር! አሁን ቅርስ ነው፤ ያንተ አይደለም!»

ምላሷን በቆረጠው! ይርሳው እጁን በጋቢው ጠረገ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። «እኔ አባቴን ልጠይቅ ነበር የምመጣው» አለና ወጣ።

ማክሰኞ መጣ፤ ይርሳው አልመጣም። ሁለተኛውም ማክሰኞ እንዲሁ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሀይለመለኮት ኮርቻውን አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ትርሲትን አዩዋት። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም ልጄ። ‹ባልታወቀ ሰው ቅቤ ተቀባ› ብለሽ ጻፊና ዝጊው። አንችም ከጣጣ ትወጫለሽ።»

ያልታወቀ! ትርሲት ካርዱን ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ስሙን ከጻፈች ይርሳው ቅርስ ያበላሸ ተብሎ ከአባቱ ኮርቻ ሊከለከል ይችላል፤ እሷም ብቻውን በመተዋ ትቀጣለች። ካልጻፈች ሁሉም በሰላም ያልፋል። ግን ይርሳውን በመጀመሪያው ቀን ዝም ያሰኘውን ቃል፣ እሷ በገዛ እጇ በእሱ ላይ ልትጽፍ ነው? ጻፈች፤ ግን ያንን ቃል አይደለም።

በሳምንቱ ዳንግላ ወረደች። ባጃጁ ያወረዳት በር ላይ እናቱ እማማ ያለምወርቅ ቆመዋል። ይርሳው ግቢው ውስጥ የኮርቻ እንጨት ይጠርባል፤ አይቷታል፣ ግን ቀና አላለም።

«ልጄን ያባረርሽው አንች ነሽ?» አሉ እናቱ።

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«አንችንስ ወደዚህ ማን አባረረሽ?»

ትርሲት የካርዱን ግልባጭ ከቦርሳዋ አወጣችና አነበበች።

«ኮርቻ። የሠራውም የጋለበበትም ግራኙ ተሻገር ባምላክ። የሰጡት ባለቤቱ ወይዘሮ ያለምወርቅ አሸናፊ። ጥር ሃያ ሁለት ቀን ልጁ ይርሳው ተሻገር እንደ አባቱ ወግ ቅቤ ቀባው። ብቻውን የተወችው ሠራተኛዋ ትርሲት ናት፤ ጥፋቱም የእሷ ነው። ላዩ ላይ የቀረው ቅቤ በጥጥ ተነሥቷል፤ የሰረገው አይነካ፤ የኮርቻው ታሪክ ነው።»

የመጥረቢያው ድምፅ ቆመ።

«ምን አሉሽ ታዲያ?» አለ ይርሳው።

«የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡኝ። አንተም ቅቤ ይዘህ እንዳትገባ ተብሏል።»

«ያለ ቅቤስ?»

«ያለ ቅቤ ይቻላል። ማክሰኞ ማክሰኞ።» ከዚያ ልቧ አልችል አላት። «ኮርቻው ሰበብ ነው ይርሳው። አንተ ያልመጣህበት ሳምንት አያልቅልኝም። ያንተ አይደለም ያልኩህን ይቅር በለኝ።»

ይርሳው ተነሥቶ መጣ፤ አጠገቧም ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ስሙን ድገሚልኝ» አሉ እናቱ።

«ተሻገር ባምላክ።»

«ኮርቻውን ባየሁት ቁጥር ሆዴ እየባባ ነው የሰጠኋችሁ» አሉ እማማ ያለምወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ስሙ ጠፍቶ የቀረ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ለልጃቸው በአዊኛ አንድ ነገር ብለው ወደ ቤት ገቡ። ይርሳው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

«ምን አሉ?»

«‹ለልጄ የመጣች ልጅ እንዲህ ራሷ ደርቆ አትገባም› ነው የምትልሽ።»

እናቱ ቅል ይዘው ተመለሱ። ትርሲትን በርጩማ ላይ አስቀመጧት፣ ሻሿን ፈቱ፣ ለጋውን ቅቤ መሐል አናቷ ላይ ጫኑላት።

«እማዬ፣ አደራ፣ ይህችንም አይጥ እንዳይበላብኝ» አለ ይርሳው።

«ዝም በል አንተ! ይህች መደርደሪያ ላይ አትቀመጥም፤ እኔ ቤት ነው የምትቀመጠው።»

ቅቤው ሞቆ በግንባሯ ወረደ። ትርሲት አልጠረገችውም።