ሁለት ኪሎ

ሟቹ የተገኘው ከከተማው ሽቅብ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ አናቱ ጋ ሊደርስ መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። ብስክሌቱ ጎኑ ተጋድሟል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ሰውዬውም ቁስል አልነበረውም። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፤ ገላው ግን በስፖርት ልብሱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

መርማሪዋ ዳገቱን በእግሯ ወጣችው። ወፍራም ሴት ናት፤ ጣቢያ ውስጥ በሌለችበት «ካዝናዋ» ይሏታል፣ ፊት ለፊት የሚደፍር ግን የለም። አብሯት የወጣው ሸንቃጣ ፖሊስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሲያለከልክ የእሷ ትንፋሽ ፍንክች አላለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሥራ ወጥታ ባዶ ቤት ከመግባት መንገድ መምታት ይቀላታል። ሰባት ዓመት እንዲህ ስትራመድ ኖራለች።

ሐኪሙ በረሃብ የተዳከመ ልብ ነው አለ። ሃምሳ ሁለት ኪሎ፣ ሆዱ ባዶ። አለቃዋ ሰውዬው ራሱን በረሃብ ገድሏልና ፋይሉ ይዘጋ ባይ ነበር። ልትዘጋው ስትል የሟች ታላቅ እህት ቢሮዋ ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ተኳርፈን ነበር» አለች። «ያቀረብኩለትን ሳይነካ ተነሣ። ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጣ አልኩት፤ በዚያው ቀረ። በእኔ ምክንያት ከሆነ ንገሪኝ እህቴ፣ አትደብቂኝ።»

መርማሪዋ ለማጽናናት ብላ የማታውቀውን አትናገርም። ሳውቅ እነግርሻለሁ ብላ ሸኘቻት።

የሟቹ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ኩባያ ነበረው። ሰሃኑ አቧራ ለብሷል። ለወር ያህል ማንም በዚያ በር ገብቶ ምን በላህ ብሎ አልጠየቀም ማለት ነው። እሷም ብትሆን የሚጠይቃት የለም። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ። ደብተሩ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ክብደቱን ጽፏል። ስልሳ፣ ስልሳ፣ ከዚያ በአንድ ሳምንት ስልሳ ሁለት፤ ሥሩም «ሰውነቴ ከዳኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ቁልቁል ነው። በሞተበት ሳምንት ሃምሳ አራት ጽፏል።

የሚመዘነው ሰፈሩ ባለው ወፍጮ ቤት ነበር። ባለወፍጮው እንደነገራት፣ ሌባ ፈርቶ ብስክሌቱን ደጅ አይተውም፤ እንደያዘው ሚዛኑ ላይ ይወጣና ለብስክሌቱ ዘጠኝ ኪሎ ይቀንሳል። መርማሪዋ ብስክሌቱን አስመጥታ ብቻውን አስመዘነችው። አሥራ አንድ ኪሎ ሆነ።

ብስክሌቶቹ የሚያድሩት ሟቹ በሚወዳደርለት የብስክሌት ክበብ ክፍል ነበር፤ ከሟቹ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። መካኒኩ ሽማግሌ፣ እያነጋገራት የክፍሉን በር ማጠፊያ ሳይቀር ግራሶ ይቀባል። በርሜል የሚሉት ጋላቢ ሰባ አራት ኪሎ ይመዝናል፤ ዳገት ላይ ግን የሚቀድመው አልነበረም። ለእሑዱ ውድድር ያለችው አንዲት ቦታ ስትሆን፣ እሱና ሟቹ ተፋጠውባት ነበር።

«ሥጋ በቀነሰ ቁጥር የሚፈጥን ይመስለው ነበር» አለ በርሜል። «ዳገት የሚወጣው ጭንና ሳንባ ነው። ይህን ወር ደግሞ ጭራሽ ደከመ።»

ሽማግሌውም ስለ ሟቹ፣ ደክሞ ነበር አለ። ሦስተኛው ባለቁልፍ አሰልጣኙ ብቻ፣ የራሱን ጉልበት በፋሻ እየጠቀለለ፣ እሑድ ቢደርስ እንደ ላባ ይበር ነበር አላት፤ ጥርጥር አልነበረውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንና እህትዮዋን ክበቡ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የእርሳስ ብረት ፍሬ የተጠቀጠቀበት ረጅም የፋሻ ጥቅልል አኖረች።

«ከኮርቻው ሥር ካለው ቱቦ ውስጥ ያወጣሁት ነው» አለች። «ሁለት ኪሎ። ያ ሰው አልወፈረም፤ ብስክሌቱ ነው የከበደው።»

ዓይን ሁሉ ወደ መካኒኩ ዞረ።

«እሳቸው አይደሉም። ግራሶ ሳይቀቡ ኮርቻ የሚመልስ እጅ የላቸውም፤ ይህ ደረቁን ነው የተመለሰው። በርሜልም አይደለም። ይህን ክር እዩት፤ ከጥቅልሉ ጫፍ እስከ ኮርቻው ሥር ታስሮ ነበር፣ በአንድ ጊዜ ተስቦ እንዲወጣ። ተፎካካሪ ቢሆን ሸክሙ በውድድሩም ቀን እዚያው እንዲቆይ ይፈልጋል እንጂ መውጫ አያበጅለትም። ይህን የከተተው የሚወደው ሰው ነው። ሁሉም ደክሞ ነበር ሲሉኝ፣ ይበር ነበር ያለኝ አንድ ሰው ነው። ፋሻውም የእርስዎ ነው፣ አሰልጣኝ።»

አሰልጣኙ አልካደም።

«በሸክም ይጠነክራል ብዬ ነው። እኛም እንዲህ ነው የሠለጠንነው። ካወቀው ይለግማል ብዬ ደበቅኩት፤ እሑድ ጠዋት ላወጣው ነበር። መክሳቱንም አይቻለሁ፣ ለውድድሩ እየተሞረደ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

«መመዘኑን አያውቁም ነበር?»

«አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን፣ ከብጃለሁ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

አሰልጣኙ የፋሻውን ጫፍ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ምስጢሩ እንዳይወጣ ብዬ… አዎ፣ ትንሽ ቀንስ አልኩት።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። በቸልተኝነት ሰው በመግደል እንደሚከሰስ መርማሪዋ ለቀሩት ነገረቻቸው፤ እነሱም አንድ በአንድ ሄዱ። እህትዮዋ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«በአንቺ ምክንያት አይደለም» አለቻት መርማሪዋ።

«እኔን ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ አለቅህ እኮ፣ የት ነው የከበድከው እለው ነበር» አለች እህትዮዋ። «ግን የት መጥቶ ይጠይቀኝ? ቤቴ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች።