አሥራ ሁለቴ የሳተው ሸማኔ

ገሜዳ ጎህ ሲቀድ ኮልፌ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከጀርባው በጩቤ ተወግቷል። በመቀነቱ ጠቅልሎ ለአርበኞች ሊያደርሰው የነበረው ደብዳቤም የለም።

ረፋዱ ላይ ወለተጻድቅ ሸማኔው ወንድይፍራው ግቢ ስትደርስ ቆዳ ነጋዴው ጀላል የፊጥኝ ታስሮ አጥር ሥር ተቀምጧል። የሰፈሩ የውስጥ አርበኞች አለቃ ባላምባራስ አምሐ ሽጉጣቸውን ይወለውላሉ።

«ፈርደው ከጨረሱ ለምን አስጠሩኝ?» አለች። አባቷ ዳኛ ሳሉ የችሎቱን መዝገብ የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ የችኮላ ፍርድ አይታ ጠግባለች።

«ሌሎቹ አርበኞች ወትውተውኝ ነው። እስከ እኩለ ቀን ጊዜ አለሽ። ገሜዳ የሚሻገርበትን ሰዓት ትናንት እዚህ ቤት ስንነጋገር የሰማነው እኔ፣ ሟቹና ጀላል ብቻ ነን።»

«ሸማኔውስ?»

«ማይጨው ላይ ቦምብ ጆሮውን የደፈነው ሰው ምን ይሰማል?»

ወንድይፍራው ከሽመና ጉድጓዱ ውስጥ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይሰዳል። ቀና ብሎም አላያቸው።

«ጀላል ላይ ምን አገኛችሁ?»

«ስንይዘው እግሩ እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነበር። ሸሚዙ ደም ነክቶታል። ብትሩ ሬሳው አጠገብ ወድቋል።»

ወደ እስረኛው ዞረች። «ወንዙን መቼ መቼ ትሻገራለህ?»

«በየማለዳው። ቆዳ የምገዛው ማዶ ነው። ወድቆ ሳየው ብትሬን ጥዬ ላነሣው ሞከርሁ። ሮጬ የነገርኳቸውም እኔው ነኝ፤ ዝም ብዬ ባልፍ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ!»

«እንግዲህ ጀላል ንጹሕ ነው እንበል» አለች ወለተጻድቅ። «ባላምባራስ፣ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ እግሩ ደረቅ ይሆን ነበር?»

ባላምባራስ ወደ ጀላል እግር ተመለከቱ።

«ያው እርጥብ፣ ያው ደም። ንጹሑም ገዳዩም እኩል የሚይዙት ምልክት ምንም አልነገረንም።»

ከዚያ ትናንት ከግድግዳው ውጭ ጥጥ ሲፈትሉ የዋሉትን እትዬ ሰብሪያን ጠየቀች።

«ወሬያቸውንማ ግድግዳው የት አሳልፎ! የሰማሁት መወርወሪያውን ነው። እነሱ ሲስቁ ይሠራል፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ቀጥ ይላል። ክር ተበጥሶበት ይሆናል ብዬ።»

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሁሉንም ሰበሰበች። ወንድይፍራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችና በምልክት አስረዳችው፦ ከኋላው ማረሻ በብረት ትመታለች፣ ወይም አትመታም። ትከሻውን በነካችው ቁጥር፣ መታች ካለ ቀኝ እጁን፣ አልመታችም ካለ ግራውን ያንሣ።

«እኔ ደንቆሮ ምን አውቄ!» ብሎ ጮኸ።

ገምት አለችው በእጇ። እኩል ባቄላና ሽምብራ ከረጢት ውስጥ ቀላቀለች፤ ባቄላ ሲወጣ መታች፣ ሽምብራ ሲወጣ ዝም አለች፤ ያወጣችውን እየመለሰች አሥራ ሁለት ጊዜ።

አሥራ ሁለቱንም ሳተ።

«ደንቆሮ ነው አላልኩሽም?» አሉ ባላምባራስ።

«ደንቆሮ ቢሆንማ በግምት ስድስት ያህሉን ያገኝ ነበር። አምስት ቢሆን፣ ሰባት ቢሆን አይገርመኝም። አንዴ መሳት ከሁለት አንድ ነው፤ ሁለቴ መሳት ከአራት አንድ። እጥፍ እያደረጉ ይቁጠሩ። አሥራ ሁለቱንም መሳት ከአራት ሺህ አንዴም አይገጥም። ሁሉን ለመሳት ሁሉን መስማት ያስፈልጋል።»

«ያቺ አንዷ ዛሬ ገጥማስ ቢሆን?»

«ልትገጥም ትችላለች። ስለዚህ በእሷ ብቻ ሰው አልገድልም። እርስዎ ግን በእርጥብ እግር ሊገድሉ ነበር። በሉ፣ የሽመና ጉድጓዱን ቆፍሩ!»

የወንድይፍራው ፊት አሁንም ወደ ግድግዳው ነው፤ ትከሻውንም የነካው የለም። ግን ብድግ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። ሁለት ሰዎች አንቀው ያዙት። ከአፈሩ ሥር ጩቤው ወጣ፤ ለጣሊያን ሊሸጠው የደበቀው ደብዳቤም አብሮ።

ባላምባራስ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ገዳይ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው።»

«የፈሩት አንዱን ስሕተት ብቻ ነው። ንጹሑን ቢገድሉ ገዳዩ አምልጦዎት ነበር። ነገም አጠገቡ ቁጭ ብለው ሌላ ምስጢር ያወሩለት ነበር።»

ጀላል ሲፈታ ክንዱን እያሻሸ ተነሣ። ይቅርታቸውን አልጠበቀም።

«ብትሬን» አለ።

ሰጡት።

«ደብዳቤውንም።»

«አንተ? ዛሬ?» አሉ ባላምባራስ።

«ወንዙን እንደሁ በየቀኑ እሻገራለሁ። ጣሊያን እንኳ እግሬ ረጠበ ብሎ ጠርጥሮኝ አያውቅም።»