መቶ ስምንት

«ስንት ነው?» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሳ።

«ዘጠና ስድስት።»

«ጎሽ፣ ቆጣሪዬ።»

ቆጣሪዬ የሚላት በሒሳብ ጎበዝ ስለሆነች አይደለም፤ ሒሳብማ ባለፈው ወሰነ ትምህርት አፈር ድሜ አብልቷታል። ስሙ የወጣላት በአባቷ ፒካፕ ካምቢዮ ምክንያት ነው። ፒካፑ ተሳቢ ጎትቶ ዳገት ሲወጣ የካምቢዮው ዘይት ይግላል፤ ግለቱ ልክ ሲያልፍ ዘይቱ ያርርና ካምቢዮውን ይዞት ይሞታል። መኪናው ይህን የሚያሳይ ነገር ስላልነበረው፣ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ የሆነው መካኒክ በቁጥር የሚናገር ትንሽ መለኪያ ከሬዲዮው ሥር ገጠመለት። ቦታው ልክ መሀል ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጉልበት ፊት ለፊት ነው። ሾፌሩ ሊያየው ቢፈልግ ጎንበስ ማለት አለበት፤ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ጎንበስ የሚል ሾፌር ደግሞ ገደል ውስጥ ነው ቀና የሚለው። ስለዚህ ማንበቡ የእሷ ሥራ ሆነ።

መካኒኩ ትምህርቱን የሰጣት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሷ ግን በቃሏ ይዛዋለች። እስከ መቶ ድረስ ሰላም። ከመቶ አሥር ካለፈ ማርሽ ማውረድና ቀስ ማለት። መቶ ሃያ ከደረሰ መቆም፣ ሞተሩን ግን አለማጥፋት፤ ዘይቱ እየዞረ ነውና የሚበርደው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ነበር የጨረሰላት።

በግራዋ አባቷ፣ በቀኟ እናቷ ተቀምጠዋል። ሁለቱ በቀጥታ መነጋገር ካቆሙ ወራት አልፈዋል። ምክንያቱን ብትጠይቋቸው ውሃ ቀጠነ ከማለት የተሻለ መልስ የሚያገኙ አይመስልም፤ ኩርፊያው ግን እንደ ቤቱ ዕቃ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነው። «አባትሽን እንዲህ በይው»፣ «እናትሽን እንዲህ በያት»። ሁለቱም አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነው እየሰሙ ስለሆነ እሷ መልእክቱን ማድረስ ከተወች ቆይታለች። ዝም ብላ መሀል ላይ ትቀመጣለች፣ እነሱም መልእክቱ እንደደረሰ ይቆጥሩታል።

ዛሬ ከኋላ በተሳቢው ላይ የተጫኑት የእናቷ አሥራ ሁለት ቀፎዎች ናቸው። እናቷ ንብ አርቢ ናት፤ ከሁለት ቀፎ ተነስታ፣ እየተነደፈች፣ እዚህ የደረሰችው ብቻዋን ነው። በእነሱ በኩል አበባው ረግፎ አልቋል። ከዳገቱ ማዶ ያለው ሜዳ ግን አሁን ነው የፈነዳው፤ ንቦቹ እዚያ ካልደረሱ የሚበሉት የለም። የቀፎዎቹ አፍ በወንፊት ስለተዘጋ፣ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ይገባላቸዋል። ፀሐይ ላይ ከቆመ ግን ታፍነው ያልቃሉ። ለዚህ ነው ጎህ ሳይቀድ ከቤት መውጣት የነበረባቸው።

አልወጡም። አባቷ መኪናውን ሳያጥብ አልወጣም አለ። ፒካፑን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው፤ ማታ ማታ ሸራ ያለብሰዋል፣ ጎረቤት ቢደገፈው ፊቱ ይጠቁራል። እናቷ በሩ ላይ ቆማ «አባትሽን፣ ንቦቹ ሠርግ አልተጠሩም በይው» አለች። አባቷ ጎማውን እየፈተገ «እናትሽን፣ መኪናም እንደ ሰው ታጥቦ ነው ከቤት የሚወጣው በያት» አለ። ልጅቷ በባልዲው ውሃ ስታቀብል ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ብቅ አለች።

አሁን ዳገቱ መሀል ላይ ናቸው፤ ፀሐይዋም መሀል ሰማይ ልትደርስ ምንም አልቀራት።

«ስንት?»

«መቶ አሥራ ሁለት።»

አባቷ ማርሹን አውርዶ ቀስ አለ። እናቷ ተነፈሰች፤ አባቷ እንዲሰማ ነው የተነፈሰችው። ቀስ ሲሉ ነፋሱም ቀነሰ፣ ከኋላ የሚመጣው የንቦቹ ድምፅም ተለወጠ። ጠዋት ላይ ወፍራም የነበረው እምምታ ቀጭንና ጩኸት መሰል ሆኗል። ልጅቷ የዚህን ትርጉም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ሲግላቸው ሁሉም በክንፋቸው ማራገብ ይጀምራሉ።

«መቶ አሥራ ስድስት» አለች ሳትጠየቅ።

አባቷ መቶ ሃያ ከደረሰ ከፊት ያለው ሰፊ ኩርባ ላይ እንደሚቆም ተናገረ፤ ለማን እንደተናገረ ግን አልታወቀም። እናቷ ኩርባውን አየችው። ጥላ የለውም፣ ዛፍ የለውም፣ ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው።

«አባትሽን፣ እዚያ ከቆምን አንድም አይተርፍልኝም በይው።»

«እናትሽን፣ ካምቢዮው ከተቃጠለ ቀፎዎቹን ተሸክማ ነው ወይ የምትወጣው በያት።»

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ሣሩ በሁለቱ መሀል ተቀምጦ ቁጥር ይጠብቅ ነበር።

መለኪያው መቶ አሥራ ዘጠኝ አለ። አፏን ልትከፍት ስትል፣ ጭኗ ላይ ባለው ሹራብ ሥር የእናቷ እጅ መጥቶ እጇን ያዘ። አልቆነጠጣትም፣ አልገፋትም። ያዛት ብቻ፣ ጥብቅ አድርጎ። እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነበረች። የእጇ መዳፍ ግን በላብ ርሶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጅቷ ይህን እጅ ሲንቀጠቀጥ አይታው አታውቅም።

«ስንት ነው?» አለ አባቷ።

«መቶ ስምንት።»

«ወረደ?»

«አዎ፣ ወርዷል።»

አባቷ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። በዚህ ቤት የሚያምነው አንድ ሰው ቢኖር ቆጣሪዋ እንደሆነች ተናገረና፣ ደስ ብሎት ነዳጁን ረገጥ አደረገ። ነፋሱ ተመለሰ። ሰፊውን ኩርባ አልፈውት ሄዱ። የእናቷ እጅ ቀስ ብሎ ከሹራቡ ሥር ወጣ።

ቁጥሩ ግን አልቆመም። መቶ ሃያ ሦስት፣ መቶ ሃያ ሰባት። አሁን እውነቱን ብትናገር የመቶ ስምንቱ ነገር ምን ሊሆን ነው? ሲጠይቃት «እዚያው ነው» አለች፣ ደግሞ ሲጠይቃት «እዚያው ነው» አለች። እግሯ ሥር የሆነ ነገር ሲያርር ሸተታት። አባቷም ሸተተው፤ አፍንጫውን ነፋ፣ ወደ ኋላ ማሳያው መስታወት አየ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አልጎተተም። እንደገና ረገጠ፤ ጩኸቱ ብቻ ጨመረ። ፒካፑ ከነተሳቢው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ሳብ አድርጎ ያዘውና ልጁን ወርዳ ድንጋይ ከጎማው ሥር እንድትከት አዘዛት። እሷም በእናቷ በኩል ወርዳ ከተተች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስታወስ አትወድም። እናቷ እየሮጠች ሄዳ ወንፊቶቹን ከፈተች። ከቀፎዎቹ ሥር የቀለጠ ሰምና ማር እየተንጠባጠበ አስፋልቱ ላይ ይፈስ ነበር፤ ንቦቹ በገዛ ማራቸው ተጣብቀው ይሞታሉ። የመጠጥ ውሃቸውን በሙሉ አፈሰሱባቸው። አባቷ ለማሰብ እንኳ ጊዜ ሳይወስድ የሚወደውን የመኪና ሸራ አውጥቶ ቀፎዎቹ ላይ ዘረጋው። ማሩና ሰሙ ሸራውን ሲያበላሸው እንኳ አላየውም። «በዚያ በኩል ያዢው» አለ። «ያዝኩት፣ ሳበው» አለች እናቷ። ስንት ወር ሙሉ ያልተባባሉትን በአንድ ቀን ተባባሉ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፣ እነሱ ለንቦቹ ያለቀሰች መሰላቸው።

ከአሥራ ሁለቱ ሦስት ቀፎ ተረፈ። ካምቢዮውም ሞተ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነው፣ ገመድ ባሰረላቸው የጭነት መኪና እየተጎተቱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ፒካፑን አስጎትተው ሦስቱም ጋራዥ ሄዱ። አባቷ ጓደኛውን ሰላም እንኳ ሳይለው ነው የጀመረው። መለኪያው እንደዋሸው፣ መቶ ስምንት እያለ ካምቢዮውን እንዳስገደለው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለጓደኛ እንደማይገጠም ተናገረ። መካኒኩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መኪናው ሥር ገባ፣ ዘይቱን በሳህን ቀድቶ ወጣ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር።

«ይሄ ዘይት መቶ ስምንት አይደለም ያየው» አለ።

ከዚያ የመለኪያውን ጫፍ ፈትቶ ከመደርደሪያው ካወረደው ሌላ ቴርሞሜትር ጋር የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው። ሁለቱም አንድ ቁጥር አሳዩ። ትንሽ ጠብቆ ደገመው፤ አሁንም አንድ ቁጥር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ጓደኛውን ሲያፍር ላለማየት ብሎ ነው።

አባቷ ወደ ልጁ ዞረ። በዚያ ቅጽበት እናቷ ከሸራው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገረችው።

«ሌሊት ነው የተነሳችው፤ አንቀላፍታ ይሆናል» አለችው። «ልጅ ናት፣ ምን ታደርጋለህ?»

ልጅቷ የሰማችውን ማመን አቃታት። ወሬውን እናቷ አቀናብራ፣ ጥፋቱን አሳንሳ፣ ምሕረት ጠይቃ፣ ሁሉንም ለእሷ አሸከመቻት። ከሁሉም ያናደዳት ደግሞ ድምፅዋ መለስለሱ ነው።

«አላንቀላፋሁም» አለች።

«እያየሽ ነው የዋሸሽኝ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አባቷ ለምን ብሎ ጠየቃት። እናቷን አየቻት። እናቷ የዘይቱን ሳህን ታያለች፣ መቼም ዘይት አይታ የማታውቅ ይመስል። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊታቸው ብቻውን ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆጣሪዬ ብሏት አያውቅም። በስሟ ይጠራታል፤ ሙሉውን፣ አስተማሪ ስም ሲጠራ እንደሚጠራው። በሩን ዘግተሻል ወይ ብሎ ከጠየቃት በኋላ ራሱ ሄዶ ያረጋግጣል።

በሌላ በኩል ቤቱ ሰላም ሆኗል። ማዘርና ፋዘር እያወሩ ነው። ፒካፑ ጋራዥ ስለቀረ አባቷ ጊዜ አለው፤ ጓሮ ሆኖ ለእናቷ አዳዲስ ቀፎ ይጠርባል፣ እሷም ሚስማር ታቀብለዋለች። አንዳንዴም ይስቃሉ። ለእሷ ግን የባሰ ነገር አለ፤ በጣም የሚስማሙት ስለ እሷ ሲያወሩ ነው። ይህቺ ልጅ ምን ነካት? ጓደኞቿ ይሆኑ? ስልኩ ይሆን? በመስኮቱ በኩል ትሰማቸዋለች። ወላጆቿ እንዲታረቁ ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር፣ ሲታረቁ ግን እሷን መሀላቸው ላይ አድርገው ሆነ።

አንድ ምሽት እራት ስታቀርብ እናቷ ከኋላዋ መጥታ ፀጉሯን ዳሰሰቻት። ከጓሮው የመዶሻ ድምፅ ይመጣል።

«የኔ ጎበዝ» አለቻት በሹክሹክታ። «የእናቷ ልጅ። ዝም ባትዪ ኖሮ ይሄ ቤት አይኖርም ነበር። አየሽ እንዴት ሰላም እንደሆንን?»

ልጅቷ የጠበቀችው ይቅርታ ነበር። ይቅርታ ቢሆን ኖሮ፣ እውነቷን ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ትል ነበር። የመጣው ግን ምስጋና ነው።

«እጄን ይዘሽኝ ነበር» አለች።

«አንቺ ደግሞ። አልፏል እኮ አሁን።»

«ለአንቺ ነው ያለፈው።»

እናቷ እጇን ከፀጉሯ ላይ አነሳች። አባትሽ ይህን ቢያውቅ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ቤት ያፈረሰችው ማን ልትሆን ነው ብላ ጠየቀቻት። ድምፅዋ አሁን አይለሰልስም። ልጅቷ ፈራች፤ ይሄዳል የተባለው እውነት ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ደግሞ ለእናቷ ማዘኗ አልቀረም፤ ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ አሁንም ይታወሳታል። ብታዝንላትም ግን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«እማዬ፣ በስሜ ነው እኮ የሚጠራኝ» አለች።

ልጅቷ የመጨረሻውን ሳህን አስቀመጠች፣ እጇን በፎጣ አደረቀች፣ የጓሮውን በር ከፈተች። መዶሻው ቆመ።

«አባዬ» አለች፣ «እራት ደርሷል። እማዬ ደግሞ የምትነግርህ ነገር አላት። እሷ ካልነገረችህ እኔ እነግርሃለሁ።»